ከትከሻ ወደ ትከሻ

እኔ የመረጥሁት ባሕር ዳርን ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ አንዳንድ ሰው ለድሀ አዝኜ፣ ጽድቅ ፈልጌ እንጅባራ የገባሁ እያስመሰለ ሲያወራ እሰማለሁና። ውሸት ነው። እኔ የመረጥሁት መብራት ያለበትን፣ ቧንቧ ያለበትን፣ ግድግዳው ነጭ የሆነውን አዲስ ሆስፒታል ነው።

ጊዜው ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ደብረ ማርቆስ በነርስነት ስሠራ ከባሌ ጋር ተፋታን። በትንሽ ከተማ ፈት ሴት መሆን ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ብትወጪ ወሬ፣ ብትገቢ ወሬ፣ አዲስ ነጠላ ብትለብሺ ደግሞ የባሰ ወሬ ነው። አንጀቴ ሲቃጠል ጊዜ አለቆቼ ዘንድ ገብቼ፣ "ከዚህ አገር አውጡኝ" አልኋቸው። ያኔ ነርስ እንደ ልብ አይገኝም፤ እንዳልቀርባቸው ፈርተው ሦስት ቦታ አቀረቡልኝ፤ ባሕር ዳር አዲሱ ሆስፒታል፣ ዳንግላ ጤና ጣቢያ፣ እንጅባራ ክሊኒክ። "ምርጫው ያንቺ ነው" አሉኝ።

ይኼም ምርጫ ሆኖ? ባሕር ዳር ሄጄ ሆስፒታሉን አየሁት። ማብሪያውን ስጫነው ክፍሉ ቦግ አለ፤ አጠፋሁት፣ መልሼ አበራሁት፣ የሚያየኝ ሰው እስኪመጣ ድረስ እንደ ሕፃን ስጫወትበት ቆየሁ። ቧንቧውን ስከፍተው ሙቅ ውኃ ወረደ። የነርሶቹ አለቃ ቆፍጣና ሴት ናት። "ሐሙስ ጠዋት ሥራ ላይ ካልተገኘሽ ቦታውን ለሌላ እሰጠዋለሁ፤ የሚለምነኝ ብዙ ነው" አለችኝ። "ረቡዕ ማታ እዚህ ነኝ" ብዬ ዕቃዬን ላመጣ ወደ ማርቆስ ተመለስሁ።

ሰኞ ዕለት ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ አውቶቡሱ አሥር ጊዜ እየተገፋ እንጅባራ ላይ መሸብንና አደርን። የእንጅባራን ብርድ የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ማክሰኞ ጠዋት ጥርሴ እየተንገጫገጨ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ። በመስኮት ሳይ ክሊኒኩ ፊት ለፊቴ ነው። ሁለት ክፍል ያለው ቆርቆሮ ቤት፤ በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። "ይችን ነው ምረጪ ያሉኝ?" ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ገና ሳቄን ሳልጨርስ ከጭጋጉ ውስጥ ፈረሰኞች ብቅ አሉ። ከኋላቸው ሴት የተኛችበት ቃሬዛ ይመጣል። ቃሬዛ አይቼ አላውቅም አልልም፤ ማርቆስም በሽተኛ በቃሬዛ ይመጣል፤ ግን አራት ዘመድ ተሸክሞ፣ ሁለቱ እየተሰዳደቡ ነው። ይኼኛው ሌላ ነው። ብዙ ወንዶች ከግራና ከቀኝ ይሮጣሉ፤ አንዱ ሲደክመው ቃል ሳይናገር ጎንበስ ይላል፤ ሌላው በሩጫ ላይ እንዳለ ትከሻውን ከሥሩ ያስገባል። ቃሬዛው ግን ንቅንቅ አይልም። አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

ክሊኒኩ በር ላይ ደርሰው ቆሙ። ቁልፍ ነው። ብቸኛው የክሊኒኩ ሠራተኛ፣ ድሬሰሩ አቶ ውቤ፣ ክትባት ሊሰጥ ትናንት አዘና ሄዷል ይባላል። ሰዎቹ ግን ቃሬዛውን አላወረዱም። እንደተሸከሙ ቆመው ቀሩ። ላባቸው ይንጠፈጠፋል፤ ከቃሬዛው ሥር ደግሞ የሚንጠባጠበው ላብ አልነበረም።

"አውርዷት እንጂ፤ ምን ይገትራችኋል?" አልሁ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ።

አጠገቤ የተቀመጠችው የዳንግላ ነጋዴ፣ ስሜነሽ የምትባል፣ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "አያወርዱም፣ እህቴ። ተቀባይ የላቸውማ። አንዱ አጥቢያ እስከ ወሰኑ ተሸክሞ ለሚቀጥለው አጥቢያ ያስረክባል፤ ያኛውም ለሌላው። የሚረከበው ሰው 'ተቀብያለሁ' ሳይል በሽተኛ መሬት አይነካም። ነውር ነው።"

"እና ውቤ ከአዘና እስኪመለስ ሊቆሙ ነው?"

"ይቆማሉ" አለች፤ ስለ ዝናብ የምታወራ ይመስል።

ቁጣዬ ወደ አፍንጫዬ መጣ። እኔ ስቆጣ እግሬ ነው የሚቀድመኝ። ከአውቶቡሱ ወርጄ በጭቃው እየተንቦጫረቅሁ ሄድሁና፣ "እሺ፣ ነርስ ነኝ፣ ተቀብያለሁ። አሁን አውርዱ" አልኋቸው። ሲያወርዱ እንኳ እንዴት አድርገው። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን የሚያስተኙ ነው የሚመስለው።

ከፈረሰኞቹ አንዱ፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ፣ ከፈረሳቸው ወርደው ፊቴ ቆሙ። አያ ደጉ ይሏቸዋል። እንደ ጸሎት ቀጥ ብለው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቀጥለው በአማርኛ ደገሙልኝ። "እታለማሁ ትባላለች። ቆላው አፋፍ ላይ ነው ቤቷ። ባሏ ቆላ ለሥራ ወርዷል፤ አማቷ ዓይነ ስውር ናቸው። ትናንት ጎህ ሲቀድ ወንድ ልጅ ወለደች። ከዚያ..." ብለው መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ፊታቸው ቀላ።

"ከዚያ ምን?"

አንዲት ሴት ከኋላቸው ወጣች፤ በጋቢዋ ሕፃን ታቅፋለች። "የእንግዴ ልጁ አልወረደም። ወንዶች ይኼን አይሉትም" አለችኝ።

"አንቺ እህቷ ነሽ?"

"አይደለሁም። ስሟንም የሰማሁት ወሰን ላይ ነው።"

"ልጇን ታዲያ ከየት አመጣሽው?"

"ተቀብዬ ነው። እኔም ቤቴ ጨቅላ አለኝ፤ ጡት አለኝ። እያጠባሁ መጣሁ። ከኔ በፊት የያዘችውም እንዲሁ፣ ከሷ በፊትም እንዲሁ።"

ልጁን ገልጬ አየሁት። ጠግቦ፣ ከንፈሩ ላይ ወተት ደርቆበት ተኝቷል። እናቱ ቃሬዛ ላይ ደሟ እያለቀ ነው፤ እሱ ከማያውቃቸው እናቶች ጡት እየጠባ አገር አቋርጦ መጥቷል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ በፊት ነገር አስደንቆኝ አፌን የከፈትሁ አይመስለኝም፤ እኔ ብዙውን ጊዜ አፌን የምከፍተው ለመናገር ነው።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ዞር ብዬ አየሁት፤ ሴትዮዋንም አየሁ። ሌላ አውቶቡስ የሚመጣው በሳምንቱ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ካልደረስሁ ባሕር ዳር ቀረ ማለት ነው። ይህን አሳምሬ አውቄያለሁ። ሾፌሩን፣ "ሻንጣዬን ጣልልኝ" አልሁት። ጣለልኝና ሄደ። መብራቴ፣ ቧንቧዬ፣ ነጩ ግድግዳዬ በመንገዱ ቁልቁል ሲወርዱ ቆሜ አላየሁም፤ ጊዜም አልነበረኝም።

"ይኼን ቁልፍ ስበሩልኝ" አልሁ። በድንጋይ ሰበሩት። ውስጥ አልኮል አለ፣ አዮዲን አለ፣ ደም የሚያቆም መርፌ ከመደርደሪያው ጥግ ተገኘ፤ ጓንት ግን የለም። ሴቶቹ እሳት አንድደው ውኃ አፈሉልኝ። እጄን እስከ ክርኔ አጥቤ፣ ቀጭን የጎማ ቱቦ ቀቅዬ በመጀመሪያ ሽንቷን አወጣሁላት፤ ፊኛዋ ተወጥሮ ነበር። ከዚያ እጄን አስገብቼ የእንግዴ ልጁን ከማኅፀኗ ግድግዳ ላይ በጣቴ ጫፍ ቀስ እያልሁ አላቀቅሁት። ማርቆስ ይህን ሐኪም ሲሠራው አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ በራሴ እጅ ግን ሠርቼው አላውቅም ነበር። እታለማሁ ጥርሷን ነክሳ አንዲት ድምፅ አላሰማችም። ሲወርድ መርፌውን ወጋኋት፣ ሆዷን እያሸሁ ጠበቅሁ፤ ደሙ ቀነሰ፣ ቆመ። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልሁ።

ስወጣ ያ ሁሉ ወንድ ራሱን ገልጦ ጭጋጉ ውስጥ ቆሟል። አጥቢዋ ሴት፣ "ወረደ" አለቻቸው። ወዲያው ሁለቱ ፈረሳቸው ላይ ወጥተው በመጡበት መንገድ ጋለቡ።

"የት ነው የሚሄዱት?" አልኋቸው አያ ደጉን።

"ቃሉን ሊመልሱ ነዋ፣ ልጄ። የተሸከማት ሁሉ ምን እንደሆነች መስማት አለበት። ሳይሰማ እንዴት እህል ይበላለታል?"

ከሰዓት በኋላ ውቤ ከአዘና ደረሰ። ገና ከበቅሎው ሳይወርድ፣ "ጓጉንቸሬን ማን ሰበረው?" ብሎ አፈጠጠ። "እኔ ነኝ፤ ና አስረኝ" አልሁት። ወደ ውስጥ ገብቶ ሴትዮዋን ሲያይ ግን ኮቱን አውልቆ እጁን ታጠበ። ደግ ልጅ ነው፣ ሥራም አይፈራም። ማታ አብረን ነበር ያስታመምናት። ግን አንድ ነገር አስጨነቀኝ። እታለማሁ ከዚያ ወዲያ ሽንት አልሸናችም። ያን ያህል ደም የፈሰሰው ሰው ሽንቱ ካልመጣ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል ማለት ነው፤ ኩላሊቱ ካቆመ ደግሞ ያ ሁሉ ሩጫ፣ ያ ሁሉ ትከሻ ከንቱ ነው።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ አያ ደጉ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ፈረስ ይዘዋል። "ነገ ጠዋት ባሕር ዳር መድረስ እንዳለብሽ ውቤ ነገረን፤ መኪናሽ በኛ ምክንያት አመለጠሽ። ከዳንግላ የእህል መኪና ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። እስከዚያ እናደርስሻለን" አሉኝ።

ልቤ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። እታለማሁ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ልሠራላት የምችለው ግን አልቋል፤ ከእንግዲህ ውኃ ማጠጣትና መጠበቅ ብቻ ነው፣ ይህን ደግሞ ውቤም ይችለዋል። ውቤን፣ "ውኃ ሳታቋርጥ ስጣት። እስከ ቀትር ሽንቷ ከመጣ ተርፋለች። ካልመጣ ግን..." አልሁት። አያ ደጉ "ሽንት" ሲሰሙ ወደ ሰማይ ማየት ጀመሩ። ሳልሰናበታት ወጣሁ፤ ብሰናበታት አልሄድም ነበር።

ፈረስ ላይ ወጣሁ። ሻንጣዬን ሌላ ሰው ያዘ። ወሰናቸው ላይ ስንደርስ አንዲት ጅረት አጠገብ ሌሎች ሰዎች ፈረስ ጭነው ይጠብቁናል። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ልወርድ እግሬን ሳነሣ አያ ደጉ ጭኔን ያዙኝ፤ "መሬት አትነኪም" አሉኝ። ሁለት ጎረምሶች እንደ ጆንያ አንሥተው ከኮርቻ ወደ ኮርቻ አሻገሩኝ። ከዚያ ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆሙና ቃሉን አስረከቡ፦ "ሽታዬ ትባላለች። ነርስ ናት። አውቶቡሷን ትታ እታለማሁን ተቀበለች። ሐሙስ ጠዋት ባሕር ዳር መድረስ አለባት። ብርድ አትችልም። ቁጡ ናት፤ አትከራከሯት።"

"ተቀብያለሁ" አለ የወዲያኛው።

"ማነው ቁጡ?" አልሁ።

አዲሱ ፈረሰኛ እኔን አየ፣ አያ ደጉን አየ፣ የተነገረው እውነት መሆኑን እንዳረጋገጠ ሰው ራሱን ነቀነቀና ጉዞ ጀመርን።

እንዲህ እያልን ሄድን። በየወሰኑ ሰው ቆሟል። አንዱ ጋ ጋቢ ደረቡልኝ፤ ብርድ አትችልም ተብሏላ። ሌላው ጋ ቆሎና ወተት ሰጡኝ። በየወሰኑ ያው ቃል ይነገራል፤ አንዳንዱ በአገውኛ ብቻ ስለሚናገር የምሰማው ስሜን ነው፤ ግን ሰዎቹ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ፈንጠር ይላሉ፤ "ቁጡ ናት" የሚለው እንዳልተዘለለ በዚያ አውቃለሁ። ማንም ከየት መጣሽ፣ ባልሽ የት አለ አላለኝም። እኔ ከማርቆስ ስወጣ እኮ ሻንጣዬን እስከ አውቶቡሱ የያዘልኝ አንድ ሰው አልነበረም። ከልጅነቴ ወዲህ ማንም ተሸክሞኝ አያውቅም፤ ስሜን ትናንት የሰማ ሕዝብ እግሬ ጭቃ እንዳይነካ በእጁ ያሻግረኛል። ፈረሱ ላይ ሆኜ አለቀስሁ። ፈረሰኛው ዞሮ አላየኝም።

ግን ፀሐይዋ ወደ መካከል በመጣች ቁጥር ወደ ኋላ እዞራለሁ። ሸናች ወይስ አልሸናችም? ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልሁም።

ዳንግላ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል፤ ጋሪው ይጋፋል፣ ሰው ይጮኻል። የእህል መኪናው ተጭኖ ቆሟል። ሾፌሩ ነጋ ይባላል፤ ጥርሱን የሚፍቅ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። የመጨረሻው ፈረሰኛዬ መኪናው ድረስ አስጠግቶኝ፣ ፈረሱ ላይ እንዳለሁ ቃሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረደለት። ነጋ ሳቀ። "ትውጣ፣ ቦታ አለ" አለ። ፈረሰኛው ንቅንቅ አላለም። "እሺ ባክህ፣ ተቀብያለሁ፤ ቁጡ መሆኗንም ተቀብያለሁ" ሲል ጊዜ ነው ከኮርቻው ወደ መኪናው ደረጃ ያሻገሩኝ። ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ደረስሁ ማለት ነው። ነገ ጠዋት ባሕር ዳር፣ ሙቅ ውኃ ባለበት። ሞተሩ ተነሣ።

በዚያ ጊዜ አንድ ሰው በገበያው መካከል እየጋለበ መጣ። ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጥምጣማቸው የጸዳ፣ ሰው ሁሉ መንገድ የሚለቅላቸው ሰው። ፈረሱ አረፋ ደፍቋል። ከኋላዬ ከተሸኘሁበት መንገድ ነው የመጡት። ሞታለች አልሁ በልቤ።

ሽማግሌው ከመኪናው ፊት ቆሙ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ገበያተኛው ምን ሊሉ ነው ብሎ ከበባቸው። ከዚያ የዳኝነት ቃል በሚነገርበት ድምፅ፣ ጮክ ብለው፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፉ ተናገሩ፦ "ከእንጅባራ ለነርስ ሽታዬ የመጣ ቃል። እታለማሁ ሸንታለች። መጀመሪያ ጥቂት፣ ቀጥሎ ብዙ። መልኩ ጥሩ ነው። አጥሚት ጠጥታለች። ልጇንም አጥብታለች። ነርሷ በሰላም ትግባ።"

ማንም አልሳቀም። አንድ ሰው እንኳ። እኔ ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። የእንግዴ ልጅ የሚለውን ቃል በአፋቸው ማንሣት የሚያፍሩ ወንዶች የእታለማሁን ሽንት ከጉብታ ጉብታ እየተጠራሩ፣ በፈረስ እየጋለቡ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲያስተላልፉት ውለዋል። ለምን? እኔ ፈረስ ላይ ሆኜ እንዳልጨነቅ። በማርቆስ ዓመታት ስንቱን አስታመምሁ፤ ከግቢው በር ከወጣ በኋላ ይኑር ይሙት ያወቅሁት የለም፤ የሚነግረኝም አልነበረም። እነዚህ ደግሞ ተመለሺ አላሉኝም። ልመና የለ፣ እሮሮ የለ፤ በሰላም ግቢ ነው ያሉኝ።

"እንሂድ?" አለ ነጋ።

"አልሄድም" አልሁ።

"አሁን ምን ሆንሽ? ባሕር ዳር እኮ መብራት አለ።"

"መብራቱን አንተ እየው" አልሁትና ወረድሁ። እሱም እየሳቀ ሻንጣዬን በመስኮት አቀበለኝ። እንዳልዋሽ፣ መኪናው ሲሄድ ልቤ አብሮ ሄዷል። እንጅባራ ላይ ስንት ዓመት በፋኖስ አዋለድሁ፣ ስንት ክረምት እጄ በብርድ ደንዝዞ መርፌ ያዝሁ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያቺ ማብሪያ ትዝ ሳትለኝ የቀረችበት ዓመት የለም። ቢሆንም ሄጄ ለባሕር ዳር ቴሌግራም አስመታሁ፦ ቦታውን ለሌላ ስጡ።

ስመለስ ነጭ ለባሹ ሽማግሌ ፈረሳቸውን ውኃ ያጠጣሉ። አባ አስማረ ይባላሉ። "አባ፣ እንጅባራ ልመለስ ነው። ሥራዬን እዚያ ላደርግ ነው" አልኋቸው። "በመጣሁበት ዓይነት ትመልሱኛላችሁ?"

አብረዋቸው ካሉት ሰዎች ጋር በአገውኛ ተነጋገሩ። ረጅም ነገር ነበር። አንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌላው እጁን አወናጨፈ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

"አይሆንም፣ ልጄ" አሉኝ።

ደነገጥሁ። "ለምን? ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋሽ። እኛ የምንሸከመው በሽተኛንና እንግዳን ነው። አንቺ አሁን ወደ ቤትሽ ነው የምትገቢው። ወደ ቤቱ የሚገባን ሰው እንዴት አድርገን እንሸከማለን? በእግርሽ ትሄጃለሽ እንጂ።"

መንገዱን አየሁት። ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ ዳገት። ልቆጣ አፌን ከፈትሁ። አባ አስማረ የፈረሳቸውን ልጓም በእጃቸው ይዘው፣ ሳይቀመጡበት፣ ከጎኔ በእግራቸው መራመድ ጀመሩ። ጫማዬን አውልቄ ተከተልኋቸው።